የነጃት ሰርግ በጥቁርና ነጭ

ጎረቤቴ ነጃት ዛሬ እንደገና ሙሽራ ሆና ለበሰች። ባሏ ያው የበፊቱ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው።

ባለፈው ሳምንት ሰርጓን ፎቶ ያነሳሁት እኔ ነኝ። አዲስ የተማርኩትን ፎቶሾፕ ካልሞከርኩ ብዬ ሁሉንም ጥቁርና ነጭ አደረግኳቸው።

ዛሬ ጠዋት አሳትሜ ለእናቷ ለአዴ ዘይነባ ወሰድኩላቸው።

"ልጄ፣ ቀዩ ቀሚስ የታለ?"

"ይሄው አዴ፣ እሱ ነው።"

"ይሄማ አመድ ነው! ግድግዳውን አረንጓዴ ያስቀባሁት ለማን ነው?"

"ጥቁርና ነጭ ስሜት አለው" ብዬ ላስረዳቸው ሞከርኩ።

"ስሜቱን ተወውና ቀለሙን መልስ" አሉኝ።

ሊቁ እኔ ግን ባለቀለሞቹን ዋናዎቹን ለብቻ ሳላስቀምጥ እላያቸው ላይ ነበር ሴቭ ያደረግኩት። ይህን ስነግራቸው ዓይናቸው እንባ ሞላ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ተመኘሁ።

ነጃት ግን ሳቀች። "እማ፣ ቀሚሱ እኮ አለ፤ ሂናዬም ገና አልለቀቀም" አለችና ልትለብስ ገባች። ከሰዓት ባሏን ከሥራ አስጠርታ አረንጓዴው ግድግዳ ሥር አቆመችው። ሙሽራው በሳምንቱ ይበልጥ ተዝናንቶ ሳቀ።

እኔ እንደገና ሳነሳቸው አዴ ከኋላዬ ቆመው "ወላሂ፣ ቀለሙን ትነካና!" ይሉኛል።

አልነካሁም። እንዲያውም ካሜራውን ከነፎቶው ለባሏ አስረክቤ ወጣሁ።

እናንተስ አሳምራለሁ ብላችሁ ያበላሻችሁት የሰው ነገር የለም? እባካችሁ ጻፉልኝ፣ ብቻዬን አልፈር።