«ዘጠነኛ ላይ ሴቶቹ የት ገቡ?» ብላ የጠየቀችው ሙሌ

ተክለ ሃይማኖት ጋ ታክሲ ውስጥ ሆኜ ነው ስልክ የተደወለልኝ። የሙሌ ታናሽ ወንድም ነው። «ሙሌ አረፈች» አለኝ።

«የቷ ሙሌ?» አልኩት።

የማውቃት ሙሌ አንድ ብቻ ናት። እሱም ያንን ያውቃል። ሙሉ ስሟን ጠራልኝ። ያኔ ነው የገባኝ።

ልቧን ያማት ነበር፤ ሐኪም ቤት ከገባች ሳምንት ሆኗታል። ትናንት ከሰዓት ልጠይቃት ስሄድ ትራስ ተደግፋ ቁጭ ብላ፣ የልብስ ቁልፍ የሚተክለው ማሽን ተሠራ ወይ እያለች ስትነዘንዘኝ ነበር። እንዲህ ስትነዘንዝ የነበረች ሰው ዛሬ የለችም ሲባል እንዴት ብዬ ልመን? ግን እውነት ነው። የምታውቋትም የማታውቋትም ስሙልኝ ብዬ ነው የምጽፈው።

ሙሉእመቤት፣ ለእኛ ሙሌ፣ ጌጃ ሰፈር ተወልዳ ያደገች ልብስ ሰፊ ናት። አብነት ሰፈር ባላት ወርክሾፕ የተማሪ ዩኒፎርም እንሰፋለን። እኔ ጨርቅ ቆራጭ ነኝ፤ አብሬያት መሥራት ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመቴ።

ነገሩ የተጀመረው በጉርድ ቀሚስ ነው።

ሰሜን ሸዋ ውስጥ ላለ አንድ ወረዳ ዩኒፎርም እንሰፋ ነበር። አንድ ክረምት ላይ የትዕዛዙን ወረቀት ስታገላብጥ ቆየችና «ነይ እስቲ ይሄን እዪልኝ» አለችኝ። ስምንተኛ ክፍል ላይ ሱሪውና ጉርዱ እኩል ለእኩል ነው። ዘጠነኛ ላይ ግን ሱሪ ብቻ ሊሆን ምንም አልቀረውም።

«ሴቶቹ የት ገቡ?» አለች።

ተሳስተው ጽፈው ይሆናል አልኳት። ደውላ ጠየቀች። አልተሳሳቱም።

በሚቀጥለው ጭነት አብረን ሄድን። ዘጠነኛ ክፍል ያለው ወረዳው ከተማ ላይ ነው፤ ከገጠሩ በእግር የግማሽ ቀን መንገድ። ወንዶቹ ተሰባስበው ቤት ይከራያሉ። ሴት ልጁን ብቻዋን ከተማ የሚሰድ አባት ግን አይገኝም ማለት ይቻላል። ቤት ይቀራሉ፣ ከዚያ ይዳራሉ።

ሙሌ ማንንም አልወቀሰችም። ትምህርት ቤቱ አጠገብ አንድ ቤት ተከራየች። የአገሬው ሰው የሚያከብራቸው እማማ ጌጤ የሚባሉ እናት ከልጆቹ ጋር እንዲኖሩ ለመነቻቸው። ወጪው ከዩኒፎርሙ ሥራ ይሸፈናል ተባለ። የቀረው ልጆቹን ማግኘት ነው።

መጀመሪያ የጠየቅነው ስምንተኛን የጨረሰች የሺ የምትባል ልጅ አባት፣ ጋሽ ደምሴን ነው። «መማሩን አልጠላሁም» አሉ። «ከተማ ላይ ማን ይጠብቃታል?»

«እርስዎ ራስዎ መጥተው ይዩት» አለቻቸው ሙሌ። «ካልወደዱት ይቅር።»

ቅዳሜ ገበያ ሲወጡ መጡ። ቁጭ ይበሉ ብንላቸው አልተቀመጡም። አልጋውንም ግድግዳውንም አላዩም። «ግቡና በሩን ቀርቅሩት» አሉን። ገብተን ቀረቀርነው። ከውጭ በትከሻቸው ገፉት። ሁለተኛው ላይ መቀርቀሪያው ከነምስማሩ ተነቅሎ እግሬ ሥር ወደቀ።

ደጃፉ ላይ ቆመው አዩን። እኔ በቃ አለቀልን ብያለሁ።

ሙሌ መቀርቀሪያውን አነሳችውና «እግዜር ይስጥልኝ፣ አባቴ። እኛ ይሄን አላየነውም ነበር። ምን ዓይነት ይሻላል?» አለቻቸው።

«የብረት ነው እንጂ» አሉ።

ከገበያ ወፍራም ብረት አብረው ገዝተው መጡ። መዶሻ ተዋሱና ራሳቸው መቱት። እንደገና አስገቡን፣ አስቀረቀሩን፣ ገፉት፣ ደግመው ገፉት። በሩ ንቅንቅ አላለም።

«እሺ» አሉ። «ሰኞ አመጣታለሁ።»

የሺ አሥራ ሁለተኛን ጨረሰች፤ ዛሬ አዋላጅ ነርስ ናት። ከዚያ ወዲህ አዲስ ቤት በተከራየን ቁጥር ሙሌ መጀመሪያ የምትጠራው አንድ አባት ነው፤ በሩን እንዲገፋላት።

ሁሉም እንዲህ አላለቀም። አንዷ ልጅ ለፋሲካ ቤተሰብ ልትጠይቅ ሄዳ በዚያው ዳሯት። ሙሌ ልታስመልሳት ስትሄድ አብሬያት ሄጄ ነበር። ሙሌ ለመነች፣ ሽማግሌ ላከች፣ አልሆነም። ባዶ እጃችንን ተመለስን። የልጅቷን አልጋ ለሌላ ልጅ እንስጠው ሲባል ወራት እምቢ አለች። «ትመጣ ይሆናል» ትላለች። ልክ አልነበረችም፤ ሌላ ልጅ ደጅ እየጠበቀች ነበር። ስነግራት አኮረፈችኝ።

ቁጡም ነበረች። ስፌት ተጣሞ ካየች «ይሄን አንቺ ትለብሺዋለሽ?» ነው። ፍራሽ ቆሽሾ ካየች «ይሄ ላይ አንቺ ትተኚበታለሽ?» ወዲያው ስፌቱ ይፈታል፣ ፍራሹ ይታጠባል። ወጣ ስትል ድምፅዋን እያስመሰልን እርስ በርሳችን እንባባለው ነበር። ዛሬ ጠዋት ሁላችንም ወርክሾፑ ውስጥ ነበርን፤ ማንም አላለውም።

ከጠዋት ጀምሮ ሰው እየደወለ ቤቶቹ ምን ይሆናሉ እያለ ነው። አይዘጉም። ተነጋግረናል፤ መስፋታችንን እንቀጥላለን።

ቀብሯ ነገ ዘጠኝ ሰዓት ልደታ ነው። ድንኳኑ ጌጃ ሰፈር እናቷ ቤት በር ላይ ተተክሏል። የምትችሉ ኑ።

ሙሌ፣ አንድ ቀን ጨርቅ እያጠፍን «ትምህርትሽን የት ላይ ነው ያቆምሽው?» አልሽኝ። ሰባተኛ አልኩሽ። ደግመሽ አልጠየቅሽኝም።

ባለፈው ሰኞ ለማታ ትምህርት ተመዘገብኩ። በዚህ ዕድሜዬ። ትናንት አጠገብሽ ተቀምጬ አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ተሽሎሽ ቤትሽ ስትገቢ ልነግርሽ፣ ፊትሽን ላየው ብዬ ዋጥኩት። ይቅር በይኝ።

ተመዝግቤያለሁ፣ እህቴ። ደህና ሁኚ።