ጓድ ደጀኔና አንዲት የጎደለች ምት

ባለፈው ወር የታናሽ እህቴን ልጅ ሊዲያን አዳማ ውስጥ ወዳለ አንድ ክሊኒክ ይዣት ሄጄ ነበር። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ አከርካሪዋ እንደ እኔው ወደ ጎን ታጥፎባታል። የመታሻ ቅባት በሚሸትበት ጠባብ ኮሪደር ላይ አንዲት ወጣት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ መጀመሪያ ዝም ብላ እንድትራመድ አደረገቻትና ቀጥላ፣ «አሁን ደግሞ እየሄድሽ ከመቶ ወደ ታች ሦስት ሦስት እየቀነስሽ ቁጠሪልኝ» አለቻት። ሊዲያ ዘጠና አራት ላይ ስትደርስ እግሯ ተሳሰረ፣ እጇም ግድግዳ ፈለገ። ባለሙያዋ ወደ እኔ ዞራ፣ «ስንፍና እንዳይመስልዎት እናቴ፤ እንዲህ ሲሆን ሰውነት ሚዛኑን ለመጠበቅ ብቻ ብዙ ሐሳብ ይወስዳል፤ ሌላ ሥራ ሲጨመርበት አንዱ ይጎድላል» አለችኝ። ይህን ቃል ከአርባ ዓመት በላይ ጠብቄዋለሁ፤ ሲመጣ ግን ደስ አላለኝም። ጓድ ደጀኔን ከመቃብሩ አስነስቼ፣ እዚያ ኮሪደር ላይ አቁሜ፣ አንድ በአንድ ላሰማው ተመኘሁ።

ጓድ ደጀኔ በደርግ ጊዜ ናዝሬት በተማርኩበት ትምህርት ቤት የስፖርት መምህራችን ነበር። «እሳቸው» ማለት ይገባኝ ነበር፤ አልልም። እኛ «ጋሼ» ስንለው ይቆጣና «ጓድ በሉ!» ይለን ነበር፤ በአንገቱ ያንጠለጠላትን ፊሽካ ምሳ ሲበላ እንኳ አያወልቃትም ይባል ነበር። ልጁ ጫልቱ ደግሞ የክፍል ጓደኛዬ ነበረች። ፀሐይ በሚያቃጥለው፣ የጋሪ ፈረስ በሚያስነጥሰው አቧራማ መንገድ አብረን ወደ ቤት ስንመለስ፣ እየሄድኩ ማውራት እንደሚያደናቅፈኝ ከማንም ቀድሞ የገባት እሷ ናት። ስለዚህ እስከ ባቡር ሐዲዱ ድረስ እሷ ታወራለች፣ እኔ እሰማለሁ፤ ሐዲዱ ጋ ስንደርስ ድንጋይ ላይ እንቀመጥና ተራው የእኔ ይሆናል። አንድም ቀን «ለምን?» ብላኝ አታውቅም።

የላብ አደሮች ቀን ሲቃረብ ሰልፍ መለማመድ ጀመርን። ግራ እጅ ወደ ላይ፣ እግር በምት፣ አፍ በመፈክር፤ ሦስቱም በአንዴ። መፈክሩን ስከተል እግሬ ይሳሳታል፣ እግሬን ስጠብቅ መፈክሩ ያመልጠኛል። አንድ ቀን ሜዳው ሁሉ «ይውደም!» ብሎ ዝም ካለ በኋላ፣ የእኔ «ይውደም!» ብቻውን ዘግይቶ መጣ። ማን ይውደም እንደተባለ እንጃ፣ ጓድ ደጀኔ ግን በራሱ ላይ ወሰደው።

«ነይ ውጪ!» አለኝ። ከሰልፉ ፊት አቆመኝና፣ «ጓዶች፣ ጎማው የወለቀ ጋሪ አይታችሁ ታውቃላችሁ?» ብሎ ጠየቀ። ተሳቀ። ብቻዬን መፈክር እየጮህኩ ሜዳውን ሦስት ጊዜ እንድዞር አዘዘኝ። በሁለተኛው ዙር በጉልበቴ ወደቅኩ። እላዬ ላይ ቆሞ፣ «አታስመስዪ! አብዮቱ አስመሳይ አይፈልግም!» አለኝ። ቀና ስል ጫልቱ ሰልፉ ውስጥ ሆና መሬት መሬት ታያለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኩዮቼ ሁሉ «ጋሪ» አሉኝ፤ እኔም ይህን ሰውዬ ሳላዋርድ እንዳልቀር ለራሴ ማልኩ።

በዓሉ አራት ቀን ሲቀረው ከበሮ መቺውን ልጅ ወባ ጣለው። ጫልቱ ቤታቸው ውስጥ አባቷን ለምና፣ «ተቀምጣ ከሆነ ከማንም በላይ ትመታለች፤ እኔ ዋስ ነኝ» ብላ አሳመነችው። እውነትም ወንበር ላይ ስቀመጥ ጀርባዬ ያርፋል፤ እጄም ጭንቅላቴም የእኔ ይሆናሉ። እየመታሁ እዘፍናለሁ፣ እየመታሁ እቆጥራለሁ። ጓድ ደጀኔ ሰምቶ፣ «ጥሩ» አለ። ይቅርታ ቢለኝ ኖሮ ምን እንደማደርግ ዛሬም አላውቅም።

በዓሉ ዕለት ከባለሥልጣኖቹ መድረክ ሥር ወንበር ተሰጠኝ። ጓድ ደጀኔ አዲስ ካኪውን ለብሶ፣ ደረቱን ነፍቶ ከፊት ይመራል። የእኛ ልጆች ልክ መድረኩ ፊት ሲደርሱ አንዲት ምት ዋጥኩ፤ አንዲት ብቻ። የፊተኛው ረድፍ እግር ቀየረ፣ የኋለኛው ተረከዝ ረገጠ፣ ባንዲራው ዘመመ፣ መፈክሩም ለሁለት ተሰንጥቆ ግማሹ «ይውደም» ሲል ግማሹ «ለዘላለም ይኑር» አለ። ጓድ ደጀኔ ፊሽካውን አፉ ውስጥ እንዳደረገ መንፋት ረስቶ ቆመ። ፊቱን እስኪበቃኝ አየሁት። በሕይወቴ እንደዚያ ጠጥቼ የረካሁበት ቀን የለም።

በማግስቱ ሁለት ሰዎች መጥተው ወሰዱት። የያኔው ቃል «አሻጥር» ነበር። እኔን የቀበሌው ሊቀመንበር ጠርተውኝ ጀርባዬን አዩና ሁለቱን ሰዎች፣ «ይህቺን ምስኪን ምን ልትጠይቋት ነው? ሂጂ ልጄ» አሉ። ሰው ሲያዝንልኝ ያን ቀን ብቻ ወደድኩት። እጄ ስቶ ነው ብል ምናልባት በሦስት ቀን ይለቁት ነበር፤ አላልኩም። አሥራ አንድ ቀን ታስሮ፣ ጸጉሩን ተላጭቶ፣ ፊሽካውን ተቀምቶ ወጣና ወደ አቦምሳ ተዛወረ።

ዕቃቸው ተጭኖ ሳለ ጫልቱ በራችን ድረስ መጣች። እናቴ ግቢ ብትላት እምቢ አለች።

«አባባ ከበሮው እንደጎደለ ሰምቷል» አለችኝ። «ሲጠይቁት ግን ያንቺን ስም አልጠራም። ልጆቹን በደንብ ያላለማመድኩ እኔ ነኝ አላቸው። ሆን ብለሽ ነው?»

መዋሸት እችል ነበር። «አዎ» አልኳት።

ብትሰድበኝ፣ ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። «ዋስ ሆኜሽ ነበር እኮ» አለችና ሄደች። መኪናው እስኪነሳ ድረስ በሩ ላይ ቆሜ ነበር፤ አልዞረችም።

ጓድ ደጀኔ መሞቱን ከዓመታት በኋላ ከአንድ የአቦምሳ ነጋዴ ሰማሁ፤ ለቅሶም አልደረስኩም። ስሜን ስላልጠራልኝ አመሰግነው ዘንድ ብዙ ጊዜ ሞክሬያለሁ፤ ልቤ ሜዳው ላይ የወደቀችውን ልጅ እያየ እምቢ ይለኛል። ያን ቀን ቢመለስ ምቷን ደግሜ እውጣታለሁ። ስለ ጫልቱ ግን ነጋዴውን የት እንዳለች፣ አግብታ እንደሆነ፣ ወልዳ እንደሆነ ልጠይቀው አፌን ከፍቼ ዘጋሁት፤ ማን ጠየቀኝ ብላ ስሜን እንዳትሰማ ፈርቼ ነው።