ከጠረጴዛው ሥር የተለጠፈው ወረቀት

የእንጨት መወልወያ ሰም በሸተተኝ ቁጥር ዛሬም ጥርሴን እነክሳለሁ፣ እናቴ ሪያድ፣ ጀራዲያ ሰፈር በተከራየናት አንዲት ክፍል ውስጥ የማሆጋኒውን ጠረጴዛ ጁምዓ ጁምዓ በዚያ ሰም ትወለውለው ነበርና።

ጠረጴዛው የመጣልን በፈረንጆቹ 2013 የሙቀት ወራት ነው። አባቴ ሰኢድ በሾፌርነት ያገለግላቸው የነበሩ እንግሊዛዊ ሽማግሌ አገራቸው ሲገቡ ሰጡት። ከሥሩ ወረቀት ተለጥፎበታል፤ አያታቸው ለንደን ሲገዙት፣ አባታቸው የመን፣ ኤደን ሲያሻግሩት፣ እሳቸውም ሪያድ ሲያመጡት፣ እያንዳንዳቸው ስማቸውንና ዓመቱን በእጃቸው ጽፈውበታል። አባቴንም ጻፍ አሉት፣ እሱ ግን ከነዚያ ስሞች ሥር መግባቱ አሳፍሮት «ኢንሻአላህ፣ በኋላ» እያለ አቆየው።

ብርዱ ሲገባ ካፊላችን፣ ስፖንሰራችን የሆነው ሳዑዲ፣ መጣ። የመኖሪያ ፈቃዳችን፣ ኢቃማችን፣ የሚታደሰው በእሱ ነበር፣ ፓስፖርታችንንም ቆልፎ የያዘው እሱ ነበር።

«ሾፌር እንዲህ ያለ ዕቃ ከየት ያመጣል? ስምህ የታለ? ኸላስ፣ የኔ ነው» አለ።

አባቴ ራሱ አንዱን ጫፍ ተሸክሞ ደረጃውን ወረደ፣ ይህን እስክሞት አልረሳም። እኔ ግን እግሮቹን ልፈታ ከሥሩ ስገባ ወረቀቱን ልጬ ቀሚሴ ውስጥ ደብቄው ነበር። አሥር ዓመቴ ነበር፣ የፈለግሁትም ሰውዬው እንዲቃጠል ብቻ ነበር።

የአቧራው ወቅት ሲመጣ ካፊሉ ተመለሰ። ዑለያ ሰፈር ያለ የጥንት ዕቃ ነጋዴ ከሥሩ የሙጫውን ምልክት አይቶ የባለቤቶቹ ወረቀት ከሌለ አልገዛም ብሎታል። እናቴ ወረቀቱን መደበቄን ከኔ ሰምታ ነበርና በሩ ላይ ቆማ «ባባ፣ ፓስፖርታችንን ከነመውጫ ቪዛው አምጣ፣ ወረቀትህን ውሰድ» አለችው በዓረብኛ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ተርሂል እስር ቤት ልታስገቢን ነው?» አለ አባቴ በአማርኛ።

«ዝም በል ሰኢድ። አንድ ቀን እንኳ እኔ ልናገር።»

ሰውዬው ሲዝት ሰንብቶ እሺ አለ። ሊመጣ ሲል እናቴ፣ መጻፍ አትችልምና፣ እስክሪብቶ ሰጥታኝ እየነገረችኝ ከሽማግሌው ስም ሥር በአማርኛ ጻፍኩ፦ «ሰኢድ፣ 2013። ከዚህ ሰው በጉልበት ተቀማ።»

ካፊሉ ፓስፖርቶቹን በፌስታል አምጥቶ ወረቀቱን አገላብጦ አየና «ይሄስ ምንድን ነው?» አለ።

«የባለቤቱ ነዋ። ሁሉም ይጽፍ የለ?» አለች። መስመር በበዛ ቁጥር ዋጋው የሚጨምር መስሎት ደስ ብሎት ሄደ። እናቴ በሩን ዘግታ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች፣ አባቴም ቆይቶ ሳቀ።

ዛሬ አባቴ ኮምቦልቻ ባጃጅ ይነዳል፣ የምንበላበት ጠረጴዛም ውሃ ሲነካው የሚያብጥ ችፑድ ነው። ያኔ ንዴቴ አውሮፕላን ስንሳፈር እዚያው የሚቀር መስሎኝ ነበር፣ አልቀረም። ያኔ ሰውዬው ጽሑፉን የሚያነብለት እንዳያገኝ እጸልይ ነበር። አሁን የምመኘው፣ ጠረጴዛው ወረቀቱ ተመልሶ ተለጥፎበት ባለበት ቤት የምትሠራ አንዲት እህታችን ወለል ልትወለውል ከሥሩ ገብታ ቀና ስትል እንድታነበውና፣ እንግዳ በተሰበሰበበት ጮክ ብላ እንድትተረጉምላቸው ነው።