ስሜ መድረክ ላይ ሲጠራ ከትምህርት ቤቴ ተደወለልኝ

ዛሬ ደሴ ላይ በተዘጋጀው የርዕሰ መምህራን የምስጋና ዝግጅት ስሜ ሲጠራ፣ እኔ ስልኬን ይዤ ወደ በሩ እየሮጥኩ ነበር።

የደወሉት ኮምቦልቻ የምመራው ትምህርት ቤት ጥበቃ፣ ጋሽ ሰይድ ናቸው። "ቲቸር፣ የሁለተኛ ክፍል ግድግዳ ተደረመሰ!" አሉኝና ስልኩ ተቋረጠ።

እዚያ ክፍል ሃምሳ ሁለት ሕፃናት ይማራሉ።

ሚኒባስ ውስጥ ቁጥሩን እየተሳሳትኩ ስልክ መደወል አቃተኝ። አጠገቤ የነበሩ እናት ተቀብለው ደጋግመው ሞከሩልኝ፤ የሚያነሳ የለም። "አብሽሪ ልጄ፣ አላህ አለ" ይሉኛል። እኔ የማስበው ለወላጆቹ ምን እንደምል ነው።

(ከአዳራሹ ስሮጥ አንስቼ የለበስኩት ሻርፕ የሌላ ዳይሬክተር መሆኑን ያየሁት አሁን ነው። እህቴ፣ አፉ በይኝ።)

ግቢው ስደርስ ልጆቹ በሙሉ ሜዳው ላይ ተቀምጠዋል። መምህርት ሐዋ የግድግዳው ስንጥቅ ሲሰፋ አይታ ቀድማ አውጥታቸዋለች።

"ሳላስፈቅድሽ ነው ያወጣኋቸው፣ ይቅርታ" አለችኝ። አቅፌያት አለቀስኩ።

ስንጥቁን ባለፈው ሳምንት እኔም አይቼዋለሁ። "ከዝግጅቱ በኋላ እናሠራዋለን" ያልኩት እኔ ነኝ።

ዳይሬክተሮች፣ እናንተስ "በኋላ" ብላችሁት ያስደነገጣችሁ ነገር አለ? እባካችሁ ጻፉልኝ፤ ነገ ጠዋት ሌሎቹን ክፍሎች እየዞርኩ አያለሁ።