አልረሳም ባዩ ንጉሴ

ሮቫ ሔት በሚባለው ሰፈራችን ከእኛ ሕንጻ በታች ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ሁልጊዜ አንድ ሰው ተቀምጦ ታገኛላችሁ። ንጉሴ ይባላል። በሰሜኑ የኢንዱስትሪ ቀጠና ሃያ ዓመት ካርቶን ሲያሽግ ኖሮ ጡረታ ወጣ። እዚያ ስሙን አስተካክሎ የጠራው የለም። ወንበሩ ላይ ግን ዳኛ ሆነ። ፊቱ አንቱ እለዋለሁ፣ እዚህ ግን አልለውም።

ሥራው ዘር መቁጠር ነው። እኛ ቤተ እስራኤሎች እስከ ሰባት ቤት ዝምድና ካለ አንጋባም። ልጆቹ ተዋደው ሲመጡ ወላጆች ወደ ንጉሴ ይሄዳሉ። እሱም ጣቱን እያጠፈ፣ እገሌ እገሌን ወለደ እያለ ያወርደዋል። ሰው የሚያምነው እውነት ስለሚናገር አይደለም፣ ስለማይደናቀፍ ነው።

«አላስታውስም» ሲል ሰምቼው አላውቅም። ወደ እስራኤል የመጣንበትን የሱዳኑን መንገድ ሲያወራ መጀመሪያ ሽፍቶቹ ሦስት ነበሩ። ከዚያ ሰባት ሆኑ። አሁን አሥራ ሁለት ናቸው፣ ያባረራቸውም እሱ ብቻውን ነው።

በ2016 የወንድሜ ልጅ ሺር ኤሊያብን ልታገባ ሆነ። የኤሊያብ አባት ራሕሚም ደግ ሰው ነው፣ ሽማግሌ ፊት ግን ቀና አይልም። ሄዶ አስቆጠረ። ንጉሴ አራተኛው ጣቱ ላይ ቆመ።

«ሁለቱም ከሰብለወርቅ ናቸው። በአራተኛው ቤት ይገናኛሉ። ቀረ» አለ።

ራሕሚም በዚያው ቀን ልጁን «ተዋት» አለው። ሺር እኔ ቤት መጥታ አለቀሰች።

«ዶዳ ኢዲት፣ ይኼ ሰውዬ ዛሬ ቁርስ ምን እንደበላ ያስታውሳል?» አለችኝ። ዶዳ ማለት አክስት ነው።

እኔ ሮቫ ዛይን በሽማግሎች ሞዓዶን እሠራለሁ። ሽማግሎቹ ቀን ቀን እዚያ ይውላሉ። አንድ ጊዜ የሥነ ልቦና ባለሙያ መጥታ ስታስተምር ያስተረጎምሁት እኔ ነኝ። ትዝታ ሣጥን ውስጥ እንዳለ ልብስ እንዳስቀመጡት አይገኝም፣ ባወሩት ቁጥር እንደገና ይሠራል አለች። ስሙ ይቀራል፣ ከማን እንደሰሙት ግን ቀድሞ ይጠፋል። በጣም እርግጠኛ የሆነ ሰውም ከሌላው የበለጠ ልክ አይደለም። ሽማግሎቹ ሳቁባት። እኔ ያሰብሁት ንጉሴን ነበር።

የሺር ወንድም ሻሌቭ ከአራት ዓመት በፊት ሲያጭ የእኛን ዘር የቆጠረው ይኸው ንጉሴ ነው፣ ቪዲዮም ተቀርጿል። ፈልጌ አየሁት። አራተኛው ጣት ላይ ያለው «ደስታነሽ» ነው። ሰብለወርቅ የምትባል የለችም። ራሕሚምን ይዤ ወደ ወንበሩ ወረድሁ።

«አባ ንጉሴ፣ እስቲ ይኼን ይዩልኝ።»

እስከ መጨረሻው አየው። ራሱን ወደደው።

«እንዴት አድርጌ ነው የቆጠርሁት!»

«አራተኛዋን ማን አሉ?»

«ሰብለወርቅ ነዋ።»

መልሼ ከፈትሁለት። ስልኩ ጮክ ብሎ «ደስታነሽ» አለ።

ትንሽ እንኳ አላፈረም። «ሁለት ስም ነበራት። አንቺ የት ታውቂና! ሰብለወርቅም ትባላለች» አለ።

ሁለተኛው ስም ዓይኔ እያየ ተወለደ። ራሕሚም ደግሞ ቀስ ብሎ «አዎ፣ ሁለት ስም ይኖራል» አለ። ያን ቀን ከንጉሴ ይልቅ እሱን ናቅሁት።

ግን አልተውሁትም። የራሕሚም አክስት ስሜነሽ ሞዓዶናችን ትውላለች፣ ሰማንያ አልፏታል። በማግሥቱ ወደ እሷ ወሰድሁት።

«ሰባት ቤት?» አለች። «እኔ ከሦስት በላይ ብቆጥር እዋሻለሁ፣ ረስቼዋለሁ። ሰብለወርቅን ግን አውቃታለሁ። ልጅ አልነበራትም። ለዚህ አይደል ውሃ እንድቀዳላት እኔን የሰጧት? እስክትሞት ቀዳሁላት። ማን ነው አሁን ያስወለዳት?»

«አባ ንጉሴ።»

«እሱ ያኔ መች ተወለደና!» ጥርስ በሌለው አፏ ሳቀች። «ባለፈው ለቅሶ ቤት የእሷን ነገር ሳወራ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ዳቦ ይበላ ነበር። ከዚያ ነው የወሰዳት።»

«እትዬ፣ አንቺስ ረስተሽ ቢሆን?» አለ ራሕሚም።

«የረሳሁትን ነገርሁህ እኮ! ይኼን አልረሳሁም።»

ራሕሚም ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ከዚያ እዚያው ቆሞ ለኤሊያብ ደወለ። «ሰርጉ ይሁን፣ ልጄ» አለው።

ንጉሴ ሰርጉ ላይ ቀድሞ መጥቶ ፊት ተቀመጠ። አፉን በሥጋ ሞልቶ ለጠረጴዛው ሰው ሁሉ ያወራል። «ራሕሚም ፈርቶ ነበር። ‹አይዞህ፣ ንጹሕ ናቸው› ያልሁት እኔ ነኝ።»

ራሕሚም አጠገቡ ሆኖ «አዎ፣ አዎ» እያለ ራሱን ይነቀንቃል።

ውሸት ካለበት ብዬ ንጉሴን ዓይን ዓይኑን አየሁት። የለበትም። እንደዚያ ነው የሚያስታውሰው። አውቆ ዋሽቶ ቢሆን ኖሮ ትንሽ አከብረው ነበር።

ሺር በነጭ ልብሷ መጥታ ጉንጩን ሳመችው። «አመሰግናለሁ፣ አባ» አለችው። የእሱን ወግ አምናው ይሁን ደስ ስላላት፣ አልጠየቅኋትም።

እኔ አልሳምሁትም።