ሃምሳ ሁለት ጥርስ

በመቐለ ስለ ብስክሌት የማያውቅ ሰው የለም፤ ካለም የሚያውቅ መስሎ ከማውራት አይመለስም። እሑድ ጠዋት ውድድር ሲኖር መንገድ ዳር የሚቆመው ሕዝብ፣ ከካህኑ እስከ ቲማቲም ነጋዴዋ፣ የትኛው ልጅ ከኋላ ስንት ጥርስ ይዞ ዳገቱን እንደወጣ ያውቃል። ደሴ ተወልጄ ለሥራ ወደዚህች ከተማ ስመደብ ይህን ማንም አላስጠነቀቀኝም። ቢያስጠነቅቀኝ ኖሮ ቢያንስ የብስክሌት ተወዳዳሪ ልጅ አላገባም ነበር።

የእንስሳት ክትባት ሠራተኛ ነበርኩ። ሥራዬ ከኲሓ ወዲያ ባሉ የገጠር ጣቢያዎች እየዞርኩ በግና ከብት መውጋት ነው። መሥሪያ ቤቴ ለዚህ ብሎ አስፋልትም ኮረኮንችም የሚችል ትንሽ ሞተር ሳይክል ሰጠኝ። ሰጠኝ ስል ወንዶቹ እስኪበቃቸው ነድተውት የተረፈው ደረሰኝ ማለቴ ነው። ከምንኖርበት ሰፈር ከሓድነት ተነስቼ፣ የክትባቱን የበረዶ ሣጥን ከኋላዬ አስሬ፣ ወደ ኲሓ የሚወስደውን ዳገት ስጀምር ካቴናው ቀጭ ቀጭ እያለ ይዘላል። ሞተሩ ይጮኻል፣ እኔ ካለሁበት አልነቃነቅም። የኋላው ጎማ ላይ ያለው ባለ ጥርስ ክብ ብረት፣ ባለሙያዎቹ ኮሮና የሚሉት፣ ጥርሱ ተበልቶ አልቆ ነበር። አዲስ መግጠም ነው፤ በቃ።

"በቃ" የሚባል ነገር ግን ወንዶች ባሉበት የለም። ከተቀየረ አይቀር ቁጥሩስ ለምን አይቀየርም ተባለ። የድሮው አርባ ሦስት ጥርስ ነበረው። የኋላው ጥርስ በበዛ ቁጥር ሞተሩ ዳገት ላይ ይበረታል፣ ሌላው መንገድ ላይ ይንቀረፈፋል። ሲያንስ ደግሞ ይፈጥናል፣ ዳገት ላይ ይለግማል። ይህን ለመረዳት ጉባኤ አያስፈልግም፤ ለእኔ ግን ጉባኤ ተሰየመልኝ።

እኔን የጨነቀኝ ሌላ ነበር። የወሊድ ፈቃዴ አልቋል፣ ልጄ ደግሞ ጡጦ አልነካም ብላለች። በወተት፣ በአጥሚት፣ በልመና ሞከርን፤ ሁሉንም መልሳ ትተፋዋለች። ጠዋት አጥብቻት እወጣለሁ፣ ከዚያ እኔ እስክመለስ ጠብ የሚል ነገር በጉሮሮዋ አይወርድም። ሞተሩ በጊዜ ካልመለሰኝ ሥራዬን መተው ነበረብኝ። ሥራዬን ደግሞ እወደው ነበር። ያኔ አራስነቷን በቅጡ ያልጨረሰች ሴት እንዲህ ስትል ብትሰማ "ምን ዓይነት እናት ናት" ትባል ስለነበር ለማንም አልተናገርኩም።

እንግዲህ ጉባኤው። የመሥሪያ ቤቴ ኃላፊ ለፎቶ ካልሆነ በቀር ሞተር ላይ ወጥቶ የማያውቅ ሰው ነው። "ትልቁን ይግጠሙላት፤ ሴት ልጅ ዝግ ስትል ነው የሚያምርባት" አለ። ባሌ ከከተማ ውጭ ያስተምር ነበር፤ በየሁለት ሳምንቱ ይመጣና ልብሱን ለእጥበት፣ ሐሳቡን ለእኔ አስረክቦ ይመለሳል። የእሱ ሐሳብ "አባዬን ጠይቂ" የሚል ነው። ሓድነት ያለው መካኒክ ደግሞ የወሎ ልጅ ነው፤ ያገሬ ሰው ስለሆነ እንደማያታልለኝ ሁለታችንም አምነናል። "ወላሂ እህቴ፣ ላንቺ የሚሆነው ሃምሳ ሁለት ነው" አለኝ። መደርደሪያው ላይ ከሃምሳ ሁለት ሌላ አይታይም ነበር።

የመጨረሻው ዳኛ አማቴ ነበሩ፤ የባሌ አባት። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ከእኛ ጋር ይኖሩ ነበር፣ እኔ ሥራ ስውል ልጅቷን የሚይዙትም እሳቸው ናቸው። በወጣትነታቸው የታወቁ ብስክሌተኛ ነበሩ። አንድ ጊዜ ሁለተኛ ወጥተዋል፤ አንደኛ የወጣውን ሰውዬ ስም ሲሰሙ እስካሁን ፊታቸውን ያዞራሉ። ብስክሌታቸው ሳሎናችን ግድግዳ ላይ፣ ከሠርጋችን ፎቶ ከፍ ብሎ ተሰቅሏል። ክብራቸውን በጣም ይጠብቃሉ። ወንድ ልጅ ዘንቢል ይዞ መታየት የለበትም ባይ ናቸው፤ ልጅቷንም ሲያቅፉ የውጭውን በር ዘግተው ነው።

"ስምዒ ጓለይ፤ ስሚኝ ልጄ" አሉኝ፣ በሁለት ጣታቸው አየሩ ላይ ተራራ እየሠሩ። "ሰው የሚገድለው ዐቀበት ነው። ሣጥኑን ተሸክመሽ የምትወጪው ጠዋት ነው። ስትመለሺ ቁልቁለት ነው። ቁልቁለት ደግሞ ነፃ ነው! እግርሽን ሰብስበሽ መቀመጥ ነው። ትልቁን ግጠሚ።"

አማቴ ይህን ያሉት በሙሉ እምነት ነው፤ እኔም ሙሉ በሙሉ አመንኩ። በዚህ ከተማ ስለ ዳገትና ቁልቁለት ከእሳቸው ጋር የሚከራከር አልነበረም። ሃምሳ ሁለቱ ተገጠመ። ካቴናው አጠረ፤ መካኒኩ ከሌላ ካቴና ቆርጦ ቀጠለበትና "ማሻአላህ" ብሎ በራሱ ሥራ ተደነቀ።

በማግስቱ ዳገቱን እንደ ፍየል ወጣሁት። ሣጥኑ ከኋላዬ የሌለ እስኪመስል ቀለለኝ። አማቴ በር ላይ ቆመው ሲሸኙኝ ደረታቸው እንደ አሸናፊ ተነፍቶ ነበር፤ ይኸው በመጨረሻ አንደኛ ወጡ። ቀኑን ሙሉ በጎቼን እየወጋሁ በልቤ መረቅኳቸው።

ከሰዓት በኋላ ወደ ቤት ዞርኩ። ሜዳው ላይ ያለኝን ሁሉ ማርሽ ጨረስኩ፤ ሞተሩ እንደ ወፍጮ ቤት ይጮኻል፣ መንገዱ ግን አይሄድም። ግድ የለም፣ ቁልቁለቱ ይክሰኛል አልኩ። ቁልቁለቱ መጣ። እግሬን ሰበሰብኩ። ሞተሩ አልፈጠነም። ጭራሽ ይዞ አስቀረኝ፤ ነዳጅ ስሰጠው የሚፈነዳ እስኪመስል ይንጫጫል፣ ስለቅለት ወደ ኋላ ይጎትተኛል። ጭድ የጫነ መኪና አለፈኝ። ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ በሐዘኔታ አየኝ።

ነገሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ብስክሌት ላይ ፔዳል መምታት ሲያቆሙ ጎማው ብቻውን ይሮጣል። ሞተር ሳይክል እንዲህ ያለ ደግነት የለውም፤ ጎማው ሞተሩን ይዞ ነው የሚዞረው፣ ያ ሁሉ ጥርስ ደግሞ ሽቅብ እንደገፋኝ ሁሉ ቁልቁል ይይዘኛል። የከተማው ብስክሌት አዋቂ ሁሉ ተሰብስቦ የብስክሌት ቁልቁለት ነበር የመረጠልኝ።

ጡቴ ሞልቶ ቀሚሴን ማርጠብ ጀመረ። ቤት ያለችውን አሰብኩ። ሞባይል ገና ባለሥልጣን ወገብ ላይ ብቻ የሚንጠለጠልበት ጊዜ ነው፤ ደውዬ "መጣሁ" የምለው ነገር የለም። እልህ ያዘኝና ማርሹን ዜሮ አድርጌ ለቀቅኩት። እውነትም ነፃ ነበር! ነፋሱ ዓይኔን እስኪያስነባኝ ወረድኩ። መታጠፊያው ላይ ግን በጎች መንገዱን ሞልተውት አገኘሁ። ፍሬን ብይዝ፣ አንዴ ያዝ አደረገና የቃጠሎ ሽታ ሸትቶ ከዳኝ። ጠዋት ከበሽታ ያዳንኳቸውን በጎች ከሰዓት በኋላ በጎማ ልፈጃቸው ነው ብዬ መሪውን ወደ ዳር ጠመዘዝኩ፤ የተቆለለ ጠጠር ላይ ወጥቼ ቆምኩ። ሣጥኑ ተገለበጠ። እኔ ምንም አልሆንኩም፤ የተበተነውን በረዶ ለቅሜ ሣጥኑን መልሼ አሰርኩት።

ሞተሩን መልሼ ሳስነሳ አለቀስኩ። በንዴት ነው እንዳልል ንዴት ብቻ አልነበረም። ነገ ሥራዬን እለቃለሁ ብዬ ወሰንኩ፤ ኃላፊው ምን እንደሚል፣ ባሌ "ነግሬሽ ነበር" ለማለት ምን ያህል እንደሚቸኩል ሁሉ ታየኝ። በአንደኛ ማርሽ፣ እየጮኸና እየተጎተተ፣ እንደ ለቅሶ ደራሽ ወረድኩ።

ከከተማው በላይ ባለው መታጠፊያ አንድ ሽማግሌ ሽቅብ ሲመጡ አየሁ። ካፖርት ለብሰዋል። ጀርባቸው ላይ በአንቀልባ የታዘለ ነገር አለ። አዛውንት ወንድ፣ በመቐለ መንገድ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሕፃን አዝሎ! ከኋላቸው የሚያልፉ መኪኖች ጡሩምባ ይነፋሉ፤ አንዱ ረዳት በመስኮት ተንጠልጥሎ እያጨበጨበ አለፈ። አማቴ ነበሩ። የልጄ ልቅሶ ከሩቅ ይሰማኛል፤ ድምጿ ሰልሏል።

አንቀልባውን ፈታሁ። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ አጠባኋት። ያዘችኝ፣ ትን አላት፣ መልሳ ያዘችኝ። እሳቸው ጀርባቸውን ሰጥተውን ቆሙ፤ መንገደኛ እንዳያየኝ ካፖርታቸውን በሁለት እጃቸው እንደ መጋረጃ ዘርግተው።

"ምነው አቦይ፣ ሰው እያየዎት?" አልኳቸው።

"ይየኝ" አሉ ሳይዞሩ። ቀጥለው "ቁልቁለቱ እምቢ አለሽ?" አሉ።

የሆነውን ነገርኳቸው። ሞተር ቁልቁለት ላይም እንደማይለቅ፣ እግር መሰብሰብ እንደሌለ። እንደ ልማዳቸው ይከራከሩኛል ብዬ ስጠብቅ ካፖርቱ ዝቅ አለ።

"ሓቂ ነው" አሉ። "እኔ በራሴ እግር አስቤ ነው። እኛ ስንወርድ እናርፍ ነበር። አንቺ ግን ስትወጪም ሥራ ነው፣ ስትወርጂም ሥራ ነው። ይህን አላሰብኩም፣ ጓለይ።"

ተቀጠርኩ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ይህን ያለኝ ሰው አልነበረም።

ከዚያው ቀጥታ ወደ መካኒኩ ወረድን። መደርደሪያው ላይ ያልታየው አርባ ሦስት ጥርስ፣ አማቴ ሕፃን አዝለው በሩ ላይ ሲቆሙ ከአንድ ካርቶን ሥር ተገኘ። መጀመሪያ ፋብሪካው የገጠመው ቁጥር ማለት ነው። ሞተሩ አዲስ ጥርስ ሲያገኝ ዳገቱንም አልለገመም፣ ቁልቁለቱንም አልከለከለኝም። ያ ሁሉ ጉባኤ ያመጣው ለውጥ ሃምሳ ሁለቱን የአበባ ማሰሮ ማስቀመጫ ማድረጉ ብቻ ሆነ።

ሥራዬን አለቀቅኩም። በጊዜ እደርስ ጀመር። አማቴ ግን ከሰዓት በኋላ ወደ መታጠፊያው መምጣታቸውን አልተዉም። ሰፈሩ ስቆ ስቆ ሰለቸው። "አቦይ፣ አሁን እኮ ሞተሩ ፈጥኗል፤ ቤት ድረስ ምን ቀረኝ?" አልኳቸው አንድ ቀን።

"አውቃለሁ" አሉ። ልጅቷን አወረዱልኝ፣ ካፖርታቸውን አጥፈው ድንጋዩ ላይ አነጠፉልኝ። "በይ ተቀመጪ። እግርሽን ሰብስቢ።"