ቡፌ ላይ የቀረው አውሮፕላን

ባለፈው ሰሞን አዲስ አበባ፣ አንድ ሱቅ ውስጥ፣ በካርቶን የታሸገ የሚገጣጠም የአውሮፕላን ሞዴል አየሁና ዋጋውን ጠየቅኩ። ጌታ ሆይ! የወር ደሞዜ እንኳ የሚደፍረው አይደለም። ባለሱቁ «ከውጭ ነው የሚመጣው እህቴ፣ ዶላር ጨምሯል» አለኝ። ይቺን «ጨምሯል» የምትል ቃል ከልጅነቴ አውቃታለሁ፤ ምነው ባላወቅኳት!

ልጅ እያለሁ የጂንካ አውሮፕላን ማረፊያ ከተማው መሀል የተዘረጋ የሣር ሜዳ ነበር። አውሮፕላን ማንዣበብ ሲጀምር ከብቱን ከሜዳው ለማባረር እየተንጫጫን እንሮጥ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ታሪኩ ደግሞ አውሮፕላኑ ካረፈ በኋላ ዳር ቁጭ ብሎ ክንፉንና ጎማውን ሲያጠና ይቆያል። ቤት ሲገባ በበቆሎ አገዳ ይሠራዋል። የዚያ እርጥብ አገዳ ሽታ አሁንም ይመጣብኛል።

አባታችን ከጨንቻ መጥቶ ጂንካ የከተመ አናጢ ነበር። አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ለሥራው ዕቃ ሊገዛ ሄዶ፣ ለታሪኩ የፕላስቲክ አውሮፕላን ይዞለት መጣ፤ ገና ያልተገጣጠመ፣ ሙጫው ሳይቀር አብሮት ያለ። ታሪኩ በደስታ ምሳም አልበላ። ወዲያው ሊከፍተው ሲል ግን አባዬ ያዘው። «ቆይ ልጄ፣ እጅህ ትንሽ ይጥና። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።» ካርቶኑ ቡፌው ላይ፣ ከእንግዳ ብርጭቆዎቹ ጎን ተቀመጠ። እኛ ቤት ውድ ዕቃ ይታያል እንጂ አይነካም።

አባዬ አዲስ አበባ በሄደ ቁጥር፣ ታሪኩ እጁን የሚያፍታታበት ሌላ ሞዴል ሊገዛለት ዋጋ ይጠይቃል። በሄደ ቁጥር ዋጋው ጨምሮ ይጠብቀዋል። «ዘንድሮማ የሚቀመስ አይደለም። ያንን ካበላሸኸው ሌላ የለህም» ይለዋል ተመልሶ። ዋጋው ሲወደድ ካርቶኑም ከበረ፤ እማዬ ዳንቴል አለበሰችው። እንግዳ ሲመጣ «የታሪኩ አውሮፕላን» እየተባለ ይታያል፣ ባለቤቱ ግን እጁን ካስጠጋ «አንተ!» ይባላል። መጀመሪያ ከቸርች በተመለስን ቁጥር ይለምን ነበር፤ ኋላ በበዓል በበዓል ሆነ፤ ከዚያ ጭራሽ ተወው። መቼ እንደተወው ማናችንም ልብ አላልንም።

አባዬ ንፉግ አልነበረም፤ ለታሪኩ ነፍሱንም ቢሉት አይሰስትም። የፈራው ዋጋውን ነው።

አባዬ ካረፈ በኋላ ካርቶኑን አውርጄ ለታሪኩ ሰጠሁት። ዛሬ አልዱባ ገበያ እህል የሚነግድ የልጆች አባት ነው። ከፈተው። ሙጫው ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። አንዱን ክንፍ አንስቶ፣ አገላብጦ አየና መልሶ አስቀመጠው።

«ሙጫ እኔ እገዛለሁ፣ አብረን እንሠራዋለን» አልኩት።

«ተይው በቃ» አለኝ እየሳቀ። «ሙጫ የጠፋ መሰለሽ? እኔ የፈለግኩት ያኔ ነው።»

ሱቁ በር ላይ ቆሜ ይኼን አሰብኩ። ያኔ አባዬን ያስፈራው ብር እኮ ዛሬ የአንድ ሰው ምሳ አይገዛም።